ልጄን ከደጄ የመለስሁበት የጉድፍ ወራት

ጽንስን በማኅፀን የሚሥል፣ ቀኑ ሲደርስም በሰላም የሚያወጣ የእግዚአብሔር ስሙ ከዛሬ እስከ ዘለዓለም የተመሰገነ ይሁን። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በቅርቡ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴት የልጅ ልጇን አዝላ መጥታ፣ «የኔታ፣ ለጉድፍም ክትባት አለው ይላሉ፤ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ጉዳት የለውም?» ብላ ስለ ጠየቀችኝ ነው። እኔ የዜማ መምህር እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ስለዚህ ክትባት ጥቂት የማውቀውን ያወቅሁት በገዛ ቤቴ በደረሰው ነገር ስለ ሆነ፣ ታሪኩን እንደ ሆነው ማስፈሩ ከአጭር መልስ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ከደብሩ አጥር ጋር ተያይዞ ያለ ነው። በግቢዬ ከአዴት፣ ከሊበን፣ ከጢስ ዓባይ ማዶ ሳይቀር የመጡ ተማሪዎች ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው ይማሩ ነበር። የሚበሉትም እንደ አብነት ትምህርት ቤት ወግ፣ ከትምህርት መልስ በየቤቱ ዞረው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የሚለምኑትን ቁራሽ ነው። ጊዜው የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ቦርሳቸውን አንግተው በየጎጡ መዞርን ያስለመዱበት፣ ገበሬውም ሞባይል በኪሱ መያዝ የጀመረበት ነበር።

እግዚአብሔር አንዲት ሴት ልጅ ሰጥቶን፣ ቡሬ ለአንድ የበርበሬ ነጋዴ ድረናት ነበር። ከተዳረች በኋላ ግን ብዙ ዓመት ሳትወልድ ቆየች። ያልተሳልነው ስለት፣ ያልጠጣችው ጠበል አልነበረም። እርስዋም እኛን ላለማሳዘን ስትል በበዓል ቀን እንኳ ስትመጣ እየሳቀች ትገባና፣ የጎረቤት ሕፃን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። በመጨረሻ ጸሎታችን ተሰማ። እንግዲህ የዚያ ዓመት ኅዳር ሲገባ ልጃችን ድርስ እርጉዝ ነበረች።

በአገራችን ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። የባሏ ቤተ ሰዎች አጅበው ያመጧታል፤ የልጅቱ እናትም ተቀብላ ታርሳለች። ባለቤቴ ይህን ቀን ስንት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች! የገንፎውን ገብስ ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ቆልታ አስፈጨች። ቅቤው ተነጥሮ፣ ማሩ በገንቦ ታሽጎ፣ የአራሷ መደብ በአዲስ ጭቃ ተለስኖ ነበር። ከደጅ ስገባ ሁልጊዜ አንድ ነገር ስታስተካክል አገኛት ነበር።

ልጃችን ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት፣ ጠዋት ዜማ በማስተምርበት ሰዓት አንዱ ተማሪ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረው። ግንባሩን ብዳስሰው ይፋጃል። ነጠላውን ገልጬ ደረቱን ባየው ጠል የነካው ቅጠል ይመስል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶበታል። ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹም ተከተሉ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን መጥታ አየችና፣ «ኩፍኝ አይደለም የኔታ፣ ጉድፍ ነው። አያችሁ፣ አንዱ ገና ውኃ ሲቋጥር ሌላው ደርቋል» አለች።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። «ጉድፍ ብቻ ከሆነ ምን ያስጨንቃል? ወጥቶ ይጠፋል!»

«ልጃችን በዚህ ሳምንት ትመጣ የለም እንዴ?» አልኋት።

«ትምጣ! እርስዋ እንደ ሆነች ተከትባለች። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አንቱ አላዩትም? ፈንጣጣን ያህል ነገር ያቆመ ክትባት ጉድፍን ያቅተዋል?»

ይህን የምታስብ እርስዋ ብቻ አልነበረችም። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ፈንጣጣ ሰው ሲፈጅ አይቷል፤ ከታቢዎቹ በየገጠሩ ሲዞሩ፣ ክንድ ላይ ክብ ጠባሳ ሲቀርና በሽታውም ሲጠፋ አይቷል። ስለዚህ በአካባቢያችን ክንዱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ አይነካውም የሚል እምነት ሥር ሰድዶ ነበር። ልጃችን የተወለደችው ግን ፈንጣጣ ከጠፋ በኋላ ነው። እንግዲያ ያ ጠባሳ ምንድን ነው? ይህ አሳሰበኝ። በልጅነቷ ጉድፍ ወጥቶባት እንደ ሆነም አናውቅም። ትምህርቷን የተማረችው አዴት፣ ከባለቤቴ እኅት ዘንድ ነበር፤ እኅቲቱም ዐርፋለች፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

በማግስቱ መቋሚያዬን ይዤ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። በጤና ጣቢያው ተራዬን ጠብቄ ወደ አንዲት ነርስ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኋት።

«ጠባሳው በየትኛው ክንዷ ነው አባቴ?» አለችኝ።

«በቀኙ።»

«እሱ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። በሕፃንነቷ የተሰጣት ነው። የኩፍኙም ሌላ ነው፤ እሱ እንዲያውም ምልክት አይተውም። ለጉድፍ ሁለቱም አይሆኑም። እያንዳንዱ ክትባት የራሱን በሽታ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ነገሩ ገባኝ። በዜማችንም ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ይዘት የርክርክን ሥራ አይሠራም።

«እንግዲያስ የራሱ የጉድፉ ክትባት ካለ፣ ዛሬውኑ ላምጣትና ትከተብ» አልኋት።

እጇን አነሣች። «አይሆንም አባቴ! የጉድፍ ክትባት አለ፤ መልካምም ነው። ግን የሚዘጋጀው በሽታውን ከሚያመጣው ከራሱ ከሕያው ተዋሲ ነው። ኃይሉ እንዲደክም ተደርጓል እንጂ አልሞተም። ጤነኛ ሰው ሲከተበው ሰውነቱ ጠላቱን ደካማ ሳለ ያየውና መመከቱን ይማራል። ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። የደከመውም ቢሆን ወደ ጽንሱ እንዳይደርስ እንጠነቀቃለን። በከባድ ሕመም ወይም በከባድ መድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰውም አይሰጥም።»

«ታዲያ መልካም ነው ካልሽኝ በኋላ ክፉ አደረግሽው እኮ!»

ፈገግ አለች። «የኔታ፣ እርስዎ በዐቢይ ጾም ከበሮ ይመታሉ?»

«ኧረ አንመታም።»

«ከበሮው ክፉ ሆኖ ነው?»

ሳልወድ ሳቅሁ። ለሁሉ ጊዜ አለው ማለቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ማንም ሰው ይህን ክትባት ለምን ለእገሊት ከለከሏት ብሎ ሲያጉረመርም የምመልስለት በዚሁ ነው።

ነርሷ ግን ወዲያው ፊቷን አጠነከረች። ክትባቱ በጤና ጣቢያቸው እንደሌለ፣ መንግሥት ለሕፃናት ከሚሰጣቸው መካከል እንዳልገባ፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ክሊኒኮች ብቻ እንደሚያስመጡትና ብርዱ ካልተጠበቀለት እንደሚበላሽ ነገረችኝ። ቀጥላም «አሁን ለልጅዎ ያለው መድኃኒት መራቅ ብቻ ነው» አለች። «ጉድፍ ሕፃናትን ብዙ ጊዜ አሳክኮ ያልፋል። አዋቂን ይጠናበታል፤ እርጉዝን ደግሞ ሳንባዋን ሊይዛት ይችላል። በመውለጃዋ ሰሞን ከያዛት አራሱ ሕፃን በጽኑ ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። በትንፋሽ ይተላለፋል፤ አንድ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይበቃዋል። የሁሉም ተማሪ ሽፍታ እስኪደርቅና ቅርፊት እስኪይዝ ከዚያ ግቢ እንዳትገባ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ተማሪዎቹ መከረችኝ። ጥፍራቸው እንዲቆረጥ፣ ገላቸው በንጹሕ ውኃ እንዲታጠብ፣ ለትኩሳቱ ከእርሷ ያገኘሁትን ክኒን እንጂ አስፕሪን እንዳልሰጣቸው፣ መተንፈስ ያስቸገረው ወይም የተምታታበት ካለ ሳልዘገይ እንዳመጣው ነገረችኝ። ባለቤቴስ አልኋት። በልጅነቷ ወጥቶባት ከሆነ ብዙ ጊዜ ተመልሶ እንደማይዝ፣ ግን ገላዋን ታጥባ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ልጅቱ እንዳትቀርብ አስጠነቀቀችኝ።

ከጤና ጣቢያው እንደ ወጣሁ ልጄ ዘንድ ደወልሁ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ባሏ አማቼ ዘንድ ደወልሁ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። በባጃጅ ተሳፍሬ እስከ መገንጠያው ድረስ ስደውል መጣሁ። ከባጃጁ ወርጄ ወደ ቁልቁለቱ ስታጠፍ ለምን እንዳላነሡልኝ ገባኝ። አማቼ ወደ ፍኖተ ሰላም በርበሬ የሚያራግፍ መኪና አግኝቶ፣ ቀኑን ሳይጠብቁ መጥተዋል። መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ቆሟል። ልጄ እናቷ በሰፋችላት ሰፊ ቀሚስ ሆና ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ የአማቼ እናት ክንዷን ይዛታለች፤ አማቼ ዳቦውን ተሸክሟል። ከታች ከበራችን ደግሞ ባለቤቴ እልል እያለች ወጣች። ከኋላዋ ሁለት ሦስት ተማሪዎች፣ ፊታቸው ለማሳከኩ በተሰጣቸው ነጭ ቅባት ተለቅልቆ፣ እንግዳ ለማየት አንገታቸውን አስግገዋል።

ሮጥሁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ቀሚሴን ሰብስቤ ስሮጥ ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያሙኛል። ከልጄ ፊት ደርሼ መቋሚያዬን በመንገዱ ላይ አጋደምሁትና፣ «በእግዚአብሔር! ከዚህ አትለፉ!» አልሁ።

እልልታው ቆመ። የአማቼ እናት በኩሩነቷ የምትታወቅ ሴት ናት። ዐይኗን በመቋሚያው ላይ ተክላ፣ «የኔታ፣ እኔን ነው?» አለች።

«እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። በግቢዬ ጉድፍ ገብቷል፤ ልጅቱ መግባት የለባትም።»

«በእናንተ አገር በሬ የጠፋበት መንገደኛ እንኳ ሳይቀመጥ አይሄድም ሲባል እሰማ ነበር! እኔ ልጅዎን ከነሆዷ ይዤ ብመጣ በዱላ ያቆሙኛል?»

«ዱላ አይደለም፤ መቋሚያ ነው» አልሁ።

«ይባስ!» አለችኝ።

በዚህ መካከል ባለቤቴ ደረሰች። «አንቱ ሰው፣ ምን ሆኑ? ልጄን ልቀፋት ያሳልፉኝ!» ብላ ልታልፈኝ ስትል እጄን ዘርግቼ ያዝኋት። ነርሷ የነገረችኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው፤ የጠባሳውን፣ ክትባቱ ለእርጉዝ እንደማይሆን፣ አራሱን ሕፃን ሊያገኘው የሚችለውን።

«ክንዷ ላይ እያየሁት...» አለች ባለቤቴ፤ ድምፅዋ ግን ወረደ። «እኔው ነኝ ከሐኪሙ ወስጄ ያስከተብኋት።»

«ያስከተብሻትማ ለሳንባ ነቀርሳ ነው። ደግ አደረግሽ፤ ከእሱ ጠብቋታል። ይህ ሌላ ነው።»

ያን ጊዜ ልጄ ከአማቷ ጀርባ ሆና፣ «አባባ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ጉድፍ ወጥቶብኝ ያውቃል?» አለችኝ።

«አናውቅም ልጄ። አክስትሽ ናት የምታውቀው።»

እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ግቢያችን፣ አጥር ላይ ወደ ተንጠለጠሉት ፊቶች አየች። ከዚያ አማቷን እጇን ይዛ ወደ ዳገቱ ዞረች። «እቴቴ፣ እንመለስ። ይህን ልጅ ስንት ዓመት ነው የለመንሁት? ወግ ይቅርብኝ» አለች።

ባለቤቴ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ክፉ ብትናገር ይቀለኝ ነበር። ያ ሁሉ ገብስ፣ ያ መደብ፣ ያ ሁሉ ዓመት! አማቼም ዳቦውን እንደ ተሸከመ፣ ይጣለው ይያዘው ግራ ገብቶት ቆመ። የአማቼ እናት ጥቂት መንገድ ከወጣች በኋላ ዞር ብላ ባለቤቴን አየቻት። እርስዋም እናት ናት። ቆመች።

«እመቤት፣ እርስዎስ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?» አለቻት ከሩቅ።

«በልጅነቴ። ጀርባዬ ላይ ምልክቱ አለ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል? ልጅቱ ካልገባች እርስዎ ይውጡ! ይታጠቡና ገብሱንም ቅቤውንም ጭነው ይምጡ። መቼም ከእኔ ቤት ገንፎ የሚሠራ እሳት አይጠፋም።»

ባለቤቴ እንባዋን ጠረገች። «በአማቷ ቤት ገብቼ አራስ ላርስ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ለእኔ ይተዉት። ብቻ አንድ ነገር፤ በማድቤቴ የማዝዘው እኔ ነኝ።»

«የገንፎውን ግን እኔ ነኝ!» አለች ባለቤቴ ብድግ ብላ። አማቼ ሳቀ፤ ልጄም ሳቀች፤ እኔም መቋሚያዬን ከመንገዱ አነሣሁ።

ልጄና አማቷ ከአስፋልቱ ዳር ቆይተው፣ ባለቤቴ ከጎረቤት ቤት ገላዋን ታጠበች፣ ከሣጥን ያወጣችውን ንጹሕ ልብስ ለበሰች። ንፍገት የማያውቁ ጎረቤቶቻችን ገብሱንና ቅቤውን ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አወጡ። መኪናው በርበሬውን አራግፎ ሲመለስ ጭኗቸው ወደ ቡሬ ሄደ። በአገራችን የአራሷ እናት ወደ አማት ቤት ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ከሕሙማኑ ጋር ቀረሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ልመናውን መከልከል ነበር፤ በየቤቱ ዞረው ቁራሽ ሲለምኑ በሽታውንም በየቤቱ እንዳያድሉ። ተማሪዎቹ ደነገጡ። አንዱ፣ «የኔታ፣ በረኃብ ልንሞት ነው?» አለኝ። እኔ ለመንደሩ ሴቶች መልእክት ላክሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራውንም ንፍሮውንም እያመጡ ከአጥሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ አኑረው፣ ከሩቅ ተጣርተው ይሄዱ ነበር። ያን ያህል የጠገብንበት ወራት ትዝ አይለኝም። ጥፍራቸውን በየተራ ቆረጥሁ፤ ሲያሳክካቸው እንዳያክኩ ዜማ አስባልኋቸው፤ እጃቸው ሥራ እንዲይዝ ጭብጨባውንም ጨመርሁበት። ሁሉም ዳኑ። ከጉድፉ በፊት ድምፁ የማያምረው አሁንም አያምርም።

ጥቂት ቆይቶ ከቡሬ ስልክ ተደወለ። በጆሮዬ የገባው ቃል ሳይሆን እልልታ ነበር፤ የሁለት ሴቶች እልልታ፣ አንዱ ከሌላው ሊበልጥ እየታገለ። ሴት ልጅ፣ በሆስፒታል፣ በሰላም። እናቲቱም ሽፍታ ሳይነካት። እኔ ወደ ቤተ መቅደስ ገባሁና ሰገድሁ።

የልጅ ልጄን ያየኋት በግቢያችን የመጨረሻው ቅርፊት ከረገፈ በኋላ ነው። ቡሬ ስደርስ ቤቱ በክርክር ላይ ነበር። ልጄ አማቼ ለንግድ አዲስ አበባ ሲሄድ አብራ ሄዳ የጉድፉን ክትባት ለመከተብ አስባለች። አማቷ ደግሞ፣ «ከተረፍሽ በኋላ ምን ሊሠራልሽ?» ትላለች።

«ለሚመጣው ልጅ ነው እቴቴ። እርጉዝ ስሆን አይሰጠኝም፤ እርጉዝ ያልሆንሁት ደግሞ አሁን ነው። ዳግመኛ ከእናቴ በር ልመለስ?»

«ጡት ታጠቢያለሽ እኮ!»

«እሱን እዚያው እጠይቃለሁ።»

ሄደች፤ ጠየቀችም። እንደ ነገረችኝ፣ ሐኪሙ ከመርፌው በፊት ብዙ መረመራት፤ እርጉዝ አለመሆኗን፣ በሽታው ይዟት ያውቅ እንደ ሆነ፣ በክትባት ወይም በመድኃኒት ሰውነቷ ተቆጥቶ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ከባድ ሕመም ይኖርባት እንደ ሆነ። ማጥባቷ እንደማይከለክላት ነገራት። ቢያንስ አንድ ወር እንዳታረግዝ፣ ሁለተኛውን መርፌ ደግሞ በቀጠሮዋ እንድትወስድ፣ አንዱ ብቻውን በሚገባ እንደማይጠብቅ አስጠነቀቃት። ክንዷ አበጥ ብሎ ሁለት ቀን አመማት፤ ትንሽም አተኮሳት። ሽፍታ ብታይ ከእርጉዝና አቅማቸው ከደከመ ሰዎች እንድትርቅ ተነግሯት ነበር፤ ግን አልወጣባትም። ሁለተኛውንም ወስዳ ጨረሰች።

ባለቤቴ ግን ያን ቀን አልረሳችውም። ልጃችን ዳግመኛ ባረገዘች ጊዜ ቡሬ ድረስ ሄዳ፣ «የመጀመሪያው ተወስዶብኛል፤ ሁለተኛው የእኔ ነው!» ብላ ከአማቲቱ ጋር ተሟገተች። ሁለተኛ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ወግ አይደለም። አማቲቱ አጥብቃ ተከራከረችና በመጨረሻ፣ «ይውሰዷት፤ ገንፎው ላይ ግን እኔም እኖራለሁ» ብላ ተስማማች። የዚያን ዓመት ከታችኛው መንደር ጉድፍ ነበር። ነርሷን ጠየቅኋት። ሁለቱንም ክትባት ስለ ወሰደች ብትመጣ እንደማያሰጋት፣ ከታመሙት ግን መራቁ ለአራሱ ሲባል እንደሚሻል ነገረችኝ። ልጄ ወደ ቁልቁለቱ ስትወርድ እናቷ ከበሩ ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ አልቅሳም ስቃም አልጠገበችም። ጊዜው ሲደርስ በመኪና ፍኖተ ሰላም ወስደናት ወለደች፤ የታረሰችውም በዚያ መደብ ላይ ነው።

እንግዲህ ለጠየቀችኝ እናት መልሴ ይህ ነው። ክትባቱ አለ፤ መልካም ነው። ለማንና መቼ እንደሚሰጥ ግን ሐኪም ጠይቂ፤ እርጉዝ የሆነችም ሳትደብቅ ትናገር። ክንድሽ ላይ ያለ ጠባሳ ሁሉን ይመክታል አትበዪ። ጠበልሽንም ጠጪ፤ ጠበሉን የሰጠ አምላክ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠ እሱ ነውና።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እኅቴ፣ ደጃችሁ እንግዳ የሚገባበት ይሁን። ሕፃናታችሁ በእቅፍ ይደጉ፤ ነፍሰ ጡሮቻችሁ ሁለት ነፍስ ሆነው ሄደው ሁለት ነፍስ ሆነው ይመለሱ። ሕመም ቢገባ የሚመክር ሰው፣ የሚሰማም ልብ ከቤታችሁ አይታጣ። አሜን።